«ሰዓሊው ጤነኛ ነው?» አትበሉኝ

ባለፈው ዲላ ቡና እየጠጣን ለጓደኛዬ የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥዕል በስልኬ አሳየሁት። የተደራረቡ ገላዎች፣ ቦታቸውን የሳቱ እጅና እግሮች፣ ትክ ብለው የሚያዩ ዓይኖች። አየት አደረገና «ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም እንዴ?» አለኝ። ሳቅን። ቤት ስገባ ግን መሳቄ አናደደኝ።

ተስፋዬ አዲስ አበባ በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ጀርመን ሽቱትጋርት ተምሯል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ የራሷን ትርዒት ስትከፍት የወከላት እሱ ነው። የትርዒቱ ጉዳይ ጭፍን ጥላቻና ቤተኝነት ነበር። በሰው አገር በጥርጣሬ የሚታይ ገላ ታዲያ እንዴት ተመቻችቶ ይሳል?

እኛ ሥዕል አንጠላም። ጀበና፣ የቀላ የቡና ፍሬ፣ ትክል ድንጋይ እንሰቅላለን፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ግድግዳችን ላይ የሚፈቀደው ሰው ግን የሚስቀው ብቻ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። እህሉም ሸራውም ተቆጠረ። ሌሊት የሚባንነውን ሰውስ ማን ቆጠረው? ጨነቀኝ ላለ «በርታ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ!» እንላለን። ያንኑ ጭንቀት አንድ ልጅ በቀለም ሲያወጣው ደግሞ «አበደ» እንላለን። እና የት ይውሰደው?

«የፈረንጅ ነገር ነው» የምትሉም አላችሁ። እስቲ ቱቱ ፈላ ሂዱ። እዚያ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ሰው ጉርድ ፎቶ አይመስልም፤ ፊቱ በጥቂት መስመር ነው የወጣው። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ደስታችንን ማን ቻለው! የጥንቱ ሰው ሲያደርገው ቅርስ፣ የዛሬ ልጅ ሲያደርገው በሽታ?

ሥዕል ሐኪምን አይተካም። የታመመ ሰው መታከም አለበት፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ሸራው ስለጠቆረ ብቻ ሰዓሊውን በሽተኛ ማለት ምርመራ ሳይሆን ስም ማጥፋት ነው። ሳቂታ ሥዕል የሚስለውም ሁሉ ደህና ነው ያለን የለም።

ስለዚህ ዲላ ውስጥ ወጣቶች ሥዕላቸውን ሲያሳዩ፣ ከጀበናው አለፍ በሉና የማይመቻችሁ ሥዕል ፊት ትንሽ ቁሙ። ከዚያ ልጁን ስለ ጤናው ሳይሆን ስለ ሥዕሉ ጠይቁት። እኔም ከዚያ ከሳቅኩበት ጠረጴዛ እጀምራለሁ።