ከመስበክ በፊት አፍ መፍታት

ወደ ላቲን አሜሪካ ለወንጌል አገልግሎት የሚሄድ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከተማሪ ወንበር ነው። ፕሮቴስታንቶቹ ለአሥርተ ዓመታት ስፓኒሽ ሲማሩ የኖሩት በኮስታ ሪካ ዋና ከተማ በሳን ሆሴ ነው፤ ብዙ ካቶሊኮች ደግሞ የሜሪኖል ማኅበር በቦሊቪያዋ ኮቻባምባ ወደከፈተው ተቋም ይሄዱ ነበር። ላኪ ቤተ ክርስቲያን ግን የትም ቢሆኑ ያው አንድ ጥያቄ አላት፤ «ሥራ መቼ ትጀምራላችሁ?»

ጥያቄው ራሱ ስሕተት ነው እላለሁ። ቋንቋ የሚጠናበት ዓመት የአገልግሎቱ ዋና ክፍል እንጂ መንደርደሪያው አይደለም። ሚስዮናዊው ተማሪ፣ ያገሬው ሰው አስተማሪ የሚሆንበት ጊዜ ያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መድረኩም፣ ገንዘቡም፣ መኪናውም በእንግዳው እጅ ይገባል።

ይህን የምለው ስፓኒሽ ከባድ ስለሆነ አይደለም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን በሚያሠለጥንበት ተቋም ስሌት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሥራ የሚበቃ ስፓኒሽ ለመያዝ ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ ከ24 እስከ 30 ሳምንት ይማራል። ለአማርኛ የሚመደበው 44 ሳምንት ነው (እኛ እንኳ ትንሽ ብንኩራራ ማን ይፈርድብናል!)። ለሥራ መብቃት ግን ለማጽናናት መብቃት አይደለም።

ስፓኒሽ ያለውን ነገር የሚናገርበትና የሚመኘውን የሚናገርበት የግስ መልክ ይለያያል። የመጀመሪያው ቶሎ ይለመዳል። ሁለተኛው፣ እኛ «ይባርክሽ»፣ «ይማርህ» የምንልበት ዓይነት፣ በመማሪያ መጻሕፍት ዘግይቶ የሚመጣ ነው። እንግዲህ በነገረ መለኮት ዲግሪ የጫነ ሰው ጠዋት ከተቀበለው ቤተሰብ ጋር ሩዝና ባቄላ ፊት ተቀምጦ አስቡት። እግዚአብሔር መልካም እንደሆነ መናገር ይችላል፤ ለቤቱ እመቤት በረከት ልመኝ ሲል ግን ግሱ ይጠፋዋል። የሚያርመው የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው። መጽሐፉ ለወዳጅ «አንተ» በል ብሎት ሳለ፣ ብዙ ኮስታ ሪካውያን ለትዳር ጓደኛና ለልጅ እንኳ አንቱታ ሲጠቀሙ ይሰማል። ይህን የሚማረው ከማድቤት ነው፤ ሲማርም ሰዎቹ እርሱን መታገሥ፣ እርሱም መታረም ይለምዳሉ።

የቋንቋ ትምህርቱን ነገር ከሁሉ በላይ አጥብቆ የያዘው ቪየና የተወለደው ቄስ ኢቫን ኢሊች ነው። በ1961 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቫቲካን የሰሜን አሜሪካ ገዳማትና ማኅበራት ከአባሎቻቸው አሥር በመቶውን ወደ ላቲን አሜሪካ እንዲልኩ ጠየቀች። ኢሊች በዚያው ዓመት በሜክሲኮዋ ኩዌርናቫካ የሥልጠና ማዕከል ከፈተ። ስፓኒሹ በጥብቅ ልምምድ ይሰጥ ነበር፤ ጎን ለጎን ግን ተማሪው «እኔ እዚህ ለምን መጣሁ?» ብሎ እንዲጠይቅ ይገፋል። አንዳንዱ ሻንጣውን ይዞ ቢመለስ ኢሊች አያዝንም፤ ዓላማውም በከፊል ያ ነበር። በ1968 ለአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ባደረገው ንግግርማ እንዲማሩና አገር እንዲያዩ ጋብዞ፣ ለመርዳት ግን እንዳይመጡ በግልጽ ነገራቸው።

እዚህ ላይ ኢሊች በዛበት። ሰው ዓላማው እስኪነጻ ድረስ አይሂድ ከተባለ የሚሄድ አይኖርም። ግን ያየው በሽታ እውነተኛ ነበር፤ ቋንቋ ሳይዝ የሚመጣ ረዳት ያገሬውን ሰው የገዛ ችግሩን እንኳ በእንግዳው ቋንቋ እንዲያስረዳ ያስገድደዋል።

አስተርጓሚ አለ ይባላል። ለስብከት ይበቃል። ልጇን የቀበረች እናት አጠገብ ለሚቀመጥ ሰው ግን አስተርጓሚ ምን ይፈይዳል?

ከዚህ የሚከብደው ሙግት ሌላ ነው፤ ስፓኒሽ ራሱ ለብዙ የላቲን አሜሪካ ሰዎች አፍ መፍቻ አይደለም። በ1917 ካሜሮን ታውንሴንድ የሚባል ወጣት የስፓኒሽ መጽሐፍ ቅዱስ ሊሸጥ ጓቴማላ ገባ፤ ያገኛቸው የካክቺኬል ሰዎች ግን አብዛኞቹ ስፓኒሽ አያውቁም። ሽያጩን ትቶ ቋንቋቸውን ተማረ፤ አዲስ ኪዳንን በካክቺኬል ለመተርጎም አሥር ዓመት ገደማ ፈጀበት። በአገሬው ቋንቋ ማስተማር ለቤተ ክርስቲያን አዲስ አልነበረም። በ1582 የተከፈተው የሊማ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ትምህርተ ሃይማኖት በኬቹዋና በአይማራ ቋንቋዎች እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። በ1770 የስፔኑ ንጉሥ ቻርልስ 3ኛ በተቃራኒው በግዛቱ ካስቲልኛ (ያው ስፓኒሽ) ብቻ እንዲነገር አዘዘ። ጓቴማላ ውስጥ ዛሬም ካክቺኬልን ጨምሮ ከ20 በላይ የማያ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ስለዚህ ስፓኒሹን የያዘ ሚስዮናዊ ወደ ተራራው መንደር ሲወጣ እንደገና አፍ መፍታት ሊኖርበት ይችላል። ይህ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ከንቱ አያደርገውም፤ መታረምን የለመደ ሰው ሁለተኛ ወንበር ላይ ለመቀመጥ አይከብደውም። ያን ዓመት የዘለለ ግን ስፓኒሹን እንደ ዱላ ይዞ ይወጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉት ይኸው ነው።

ላኪ አብያተ ክርስቲያናት ሆይ፣ የቋንቋውን ዓመት ደመወዝ የአገልግሎት ደመወዝ ብላችሁ መዝግቡት። በዚያ ዓመት «ስንት ነፍስ ዳነ?» አትበሉ፤ የተጠመቁ ሰዎች ፎቶም አትጠብቁ። ሪፖርት የግድ ካስፈለጋችሁ፣ ያገሬው አስተማሪ ስለ ተማሪው ይጻፍላችሁ።