ተቀመጥ፣ ተቀመጪ፣ ይቀመጡ

ከሮም ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ሲኬድ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ይደረሳል። በአካባቢው መንገዶች የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሉ። እዚያ ጎራ ስል በብዛት የምሰማው ትእዛዝ አንቀጽ ነው፦ «ግባ»፣ «ተቀመጪ»፣ «ብሉ»፣ «ይጠጡ»። የዚህ ሳምንት ትምህርታችንም እሱ ነው።

በጣልያንኛ ላደገ ልጅ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። «ቪዬኒ» ለወንድምም ለእህትም አንድ ነው። ስለዚህ ብዙ ልጆች ለወንድም፣ ለሴትም፣ ለአያትም «ና» ይላሉ። በአማርኛ ግን ግሱ ራሱ ማንን እያናገራችሁ እንደሆነ ይናገራል።

መነሻችን ለአንድ ወንድ የሚነገረው ነው። ከፈተ «ክፈት»፣ ወሰደ «ውሰድ»፣ ቆረጠ «ቁረጥ» ይሆናል። ፈለገ ግን «ፈልግ» ነው። ለምን? «ይከፍታል» በሉና አድምጡ፤ «ፍ» ይላላል። «ይፈልጋል» ስትሉ ግን «ል» ይጠብቃል። መካከለኛው ፊደል ከላላ እንደ «ክፈት»፣ ከጠበቀ እንደ «ፈልግ» አድርጉት።

ለሴት የመጨረሻው ፊደል ሳልስ ይሆናል፦ ስበር፣ ስበሪ፤ ፈልግ፣ ፈልጊ። አንዳንድ ፊደላት ግን ድምፃቸውን ይለውጣሉ። «ት» ወደ «ች» (ክፈቺ)፣ «ድ» ወደ «ጅ» (ውሰጂ)፣ «ጥ» ወደ «ጭ» (ቁረጪ)፣ «ስ» ወደ «ሽ» (ልበሺ)፣ «ዝ» ወደ «ዥ» (ያዢ)፣ «ን» ወደ «ኝ» (ሸፍኚ)፣ «ል» ወደ «ይ» (ተቀበዪ) ይሄዳሉ።

ለብዙ ሰው የመጨረሻው ፊደል ካዕብ ይሆናል፦ ክፈቱ፣ ውሰዱ፣ ቁረጡ። እዚህ የሚለወጥ ድምፅ የለም።

ለአክብሮት በዚሁ ቃል ፊት «ይ» ጨምሩ፦ ይክፈቱ፣ ይውሰዱ፣ ይፈልጉ። በ«ተ» የሚጀምር ከሆነ «ተ» ይወድቃል፤ ስለዚህ «ተቀመጡ» የነበረው «ይቀመጡ» ይሆናል። መጣ፣ በላና ገባ የራሳቸው መንገድ ስላላቸው ለሌላ ሳምንት ይቆዩ።

ይህ አክብሮት ለእናንተ አዲስ አይደለም። በጣልያንኛ ለጓደኛ «ሴንቲ»፣ ለማታውቁት ትልቅ ሰው «ሴንታ» ትላላችሁ። በስፓንኛም «ተናገር» ለጓደኛ «አብላ»፣ በአክብሮት ሲሆን «አብሌ» ነው። ሦስቱም ቋንቋዎች ፊት ለፊታቸው የቆመውን ሰው በሦስተኛ መደብ ያናግሩታል። ጣልያንኛ እንደ «እሷ»፣ አማርኛ ደግሞ እንደ «እነሱ» ይጠራዋል።

ለእናትና ለአባት ቤታችሁ እንደለመደው ተናገሩ፤ በብዙ ቤት «አንቺ» እና «አንተ» የፍቅር ነው። ለአያት፣ ለእንግዳና ለማታውቁት ትልቅ ሰው ግን «ይ»ን አትርሱ።

ይህች አደባባይ ሌላ ዓይነት ትእዛዝም ሰምታለች። በኦገስት 2017 እዚያው አጠገብ ቪያ ኩርታቶኔ ላይ ካለ ሕንፃ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች እንዲወጡ ተደረገ። አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። መሄጃ አጥተው አደባባዩ ላይ ያደሩትን ኦገስት 24 ቀን ፖሊስ ውኃ በኃይል እየረጨ በተናቸው። በየቢሮው ሰልፍ ላይ «ተነሳ»፣ «ውጣ»፣ «ጠብቅ» ሲባል የኖረ ሰው ከአንድ ልጅ አፍ «ይቀመጡ» የሚል ቃል ሲሰማ፣ ያቺ «ይ» ለእሱ ከሰዋስው በላይ ናት። ሰው መሆኑን ያወቀለት አለ ማለት ነው።

ለትልቅ ሰው ወንበር ለቃችሁ «ይቀመጡ» ስትሉ የምታገኙትም መልስ ብዙ ጊዜ ትእዛዝ አንቀጽ ነው። ለወንድ «እደግ፣ ተመንደግ»፣ ለሴት «እደጊ፣ ተመንደጊ» ይባላል። መልኩ ትእዛዝ ነው፤ ትርጉሙ ግን ምርቃት።

ለሚቀጥለው ሳምንት ነገረ፣ ጀመረና ተመለሰ የሚሉትን ግሶች በአራቱም መልክ ጻፉ፦ ለወንድ፣ ለሴት፣ ለብዙ ሰውና ለአክብሮት። ከዚያ ለቤተሰባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የላላውንና የጠበቀውን ድምፅ ጆሮ እንጂ ወረቀት አያሳይም።