የተላላፊ በሽታ ሐኪም ወዴት ይሂድ?

ከሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችን ጋር ስለ ወደፊቱ ሥራ በተነጋገርን ቁጥር የምንሰማው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። አንዱ የቀዶ ሕክምና፣ ሌላው የልብ፣ ሦስተኛው የራጅ ሐኪም እሆናለሁ ይላል። የተላላፊ በሽታ ሐኪም እሆናለሁ የሚል ግን እምብዛም አይገኝም። ምክንያቱ ስውር አይደለም፤ ይህ ሙያ በግል ክሊኒክ ሀብት አያስገኝም፤ ሕመምተኛውም አብዛኛውን ጊዜ ድኃ ነው። እኛ ግን እንዲህ ያለው አመራረጥ አገርን ይጎዳል ብለን እናምናለን፤ ምክንያታችንንም ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ የሚታጠፍ መንገደኛ መዘዞን ያገኛል። የመዘዞ ስም በውጭ አገር የታወቀው ከአካባቢው በሚወጣው ኦፓል ነው። ድንጋዩን መርምሮ ዋጋ የሚያወጣለት ባለሙያ ከሩቅ ይመጣል። የሰውን ትኩሳት መርምሮ ስሙን የሚያወጣለት ባለሙያስ? እንደ መዘዞ ባለ ብርዳም ደጋ ሰው ልብስ ደርቦ ይለብሳል፤ ሌሊት ተጠጋግቶ ያድራል፤ ውኃ ቀድቶና አሙቆ ልብስ ማጠብም ቀላል አይደለም። ለቅማል ከዚህ የተመቸ ኑሮ የለም። በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ የኢትዮጵያን ደጋ ለረጅም ዘመን ሲያጠቁ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ከቀድሞው እጅግ ቀንሰዋል፤ ጨርሰው ግን አልጠፉም። በተለይ በክረምት፣ የቀን ሠራተኛና የቆሎ ተማሪ ተጨናንቆ በሚያድርበት ቦታ ግርሻ ብቅ ይላል።

ግርሻ ስሙን ያገኘው ትኩሳቱ ለቅቆ ከሳምንት ያህል በኋላ ስለሚያገረሽ ነው። ካልታከመ ከ100 ሕመምተኞች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ይገድላል፤ ከታከመ ግን የሚሞቱት ከ2 እስከ 5 ብቻ ናቸው። መድኃኒቱም ርካሽ ነው። «ታዲያ ስፔሻሊስት ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። መልሱ እነሆ፦ መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተሕዋስያኑ በደም ውስጥ በብዛት ሲሞቱ ሕመምተኛው በብርቱ ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ያሻቅባል፤ ቀጥሎም የደም ግፊቱ ይወርዳል። መርፌ ወግቶ ወደ ቤቱ የሚሰድደው ሰው ሕመምተኛውን በመንገድ ሊገድለው ይችላል፤ አጠገቡ ተቀምጦ የሚጠብቀውና ፈሳሽ የሚሰጠው ያተርፈዋል። ይህን የበሽታውን ጠባይ በደንብ ካስረዱን ጥናቶች አንዱ፣ አንተኒ ብራይሰን፣ ኤልድሪድ ፓሪና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ በ62 ሕመምተኞች ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ ስደተኞች በአውሮፓ በግርሻ ሲታመሙ፣ በሽታውን አይተውት የማያውቁ የዚያ አገር ሐኪሞች በኢትዮጵያ የተጻፈውን ማገላበጥ ግድ ሆኖባቸዋል። ሌላው ከእኛ ሲማር እኛ የገዛ በሽታችንን ለመማር ለምን እናፍራለን?

ሁለተኛው ተቃውሞ «ለቅማል ሳሙና እንጂ ሐኪም ምን ይረባል?» የሚለው ነው። እውነትነት አለው። ነገር ግን ቅማል ተስቦን እንደሚያስተላልፍ ያረጋገጠው ማን ነው? ሻርል ኒኮል የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ናቸው። በቱኒስ ሆስፒታል በር ላይ ሕመምተኛ የሚቀበሉና ልብሱን የሚያጥቡ ሠራተኞች በተስቦ ሲያዙ፣ ታጥቦና ልብስ ለውጦ የገባውን የሚያስታምሙት ግን እንደማይያዙ ተመለከቱ። ነገሩ ከልብሱ ላይ መሆኑን ገመቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1909 በሙከራ አረጋገጡ፤ በ1928ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ ደግሞ ሐኪም ሳይሆኑ የበሽታ ተመራማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የታወቀው በዚህ ነው። ሁለቱም ግኝት የተጀመረው ከልብስ አጣቢዎች ዘንድ ነው።

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። የተላላፊ በሽታ ሐኪም ለመሆን ከሕክምና ትምህርት በኋላ የውስጥ ደዌ፣ ከዚያም የንዑስ ስፔሻሊቲ ትምህርት ያስፈልጋል፤ ይህም በጠቅላላው ከ10 ዓመት ይበልጣል። ያ ሁሉ ዘመን በትልቅ ከተማ ሆስፒታል ብቻ ካለፈ ሐኪሙ አልጋውን እንጂ ወንዙን ሳያይ ይመረቃል። ስለዚህ መምህሮቻችን ሠልጣኞቻቸውን በክረምት ለጥቂት ሳምንታት ወደ መዘዞና ወደ መሰሎቿ ጤና ጣቢያዎች ይላኩ፤ ደም በማይክሮስኮፕ ማየት የሠለጠነ የላቦራቶሪ ባለሙያም አብሯቸው ይውጣ። መንግሥትም ይህን ሙያ የመረጠ ሰው ከቀዶ ሐኪሙ ጓደኛው ያነሰ ኑሮ እንዳይኖር ያስብበት። ድኃን የሚያክም ሁሉ ድኃ ሆኖ ይኑር የሚል ሕግ የለም።

እናንተ የሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችን ደግሞ ስፔሻሊቲ የምትመርጡበት ቀን ሲደርስ ይህን ሙያ ሳታስቡበት አትለፉት። ከመካከላችሁ ሁለት ወይም ሦስት ሰው እንኳ ቢመርጠው ለሰሜን ሸዋ ትልቅ ነገር ነው። በሐሳባችን የማይስማማ ካለ ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣለታለን።