አሮጌ መኪና ይጠገን ወይስ ይቅር?

ዛሬ ስለ አንድ የመኪና ምርመራ ወረቀት እናነባለን።

በእንጦጦ ማርያም ማታ ማታ ከሚማሩት መካከል አንድ አባት አሉ። ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል። አሮጌ ቶዮታ ፒክአፕ አለቻቸው። የሚነዳት ልጃቸው ነው። ድንችና ገብስ ጭና ወደ ሽሮ ሜዳ ትወርዳለች። ምጥ የያዛት ሴት ስትኖርም ሐኪም ቤት የምታደርስ እሷው ናት።

መኪና በየዓመቱ ይመረመራል። ምርመራውን ያለፈ መኪና ቦሎ ይሰጠዋል። ቦሎውም በመስተዋቱ ላይ ይለጠፋል። የእኚህ አባት መኪና ግን ምርመራውን ወደቀች። ጉድለቷ የተጻፈበት ወረቀት ተሰጣቸው። ያን ጊዜ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ነበሩና ለአንድ ደላላ አስነበቡት። ደላላው፣ «መብራት፣ ጭስና ጎማ ነው። ቀላል ነገር ነው። ገንዘብ ይስጡኝና ቦሎውን አስወጣልዎታለሁ» አላቸው።

አንድ ማታ ወረቀቱን ይዘው ክፍል መጡ።

«ጋሼ፣ እስቲ ዛሬ እርስዎ ራስዎ ያንብቡልን» አልኳቸው።

ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እያስኬዱ አነበቡ። መብራት። ጭስ። ጎማ። ደላላው ያለው ልክ ነው። ከዚያ ጣታቸው ወደ አራተኛው መስመር ወረደ።

«የ–ኋ–ላ ፍ–ሬ–ን አ–ይ–ዝ–ም።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። «የሚነዳት እኮ ልጄ ነው!» አሉ።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ከፍ ያለ ተራራ ነው። ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ፍሬን የሚሠራው በፍትጊያ ነው። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሸራው ከጎማው ጋር በሚዞረው ብረት ላይ ይፋተጋል። እጃችሁን ፈተግ ፈተግ አድርጉት፤ ይሞቃል አይደለም? ሸራውም እንዲሁ ነው። በረጅም ቁልቁለት እጅግ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። የፍሬኑ ዘይትም ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ ደኅና ፍሬን ያለው ሾፌር እንኳ በከባድ ማርሽ ይወርዳል እንጂ በዜሮ ማርሽ አይወርድም። ፍሬን የሌለውማ እንዴት ይሆናል?

በክፍሉ ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዱ፣ «ደላላው ይጨርስልዎት» አለ። አንዲት እናት ግን፣ «ቦሎ መስተዋት ላይ ይለጠፋል እንጂ መኪና አያቆምም» አሉት። ሌላው፣ «ይሽጧት» አለ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሳልናገር ብሸጣት የሌላ ሰው ልጅ ይሞትባታል» አሉ።

ሌላ መኪና መግዛትስ? እሱም ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ብዙ ሰው ያለውን መጠገን ይመርጣል።

ነገር ግን መኪና ሁሉ አይጠገንም። እኛ በዚህ ተራ አሰብን።

1ኛ፦ ሻንሲው ይታይ። ሻንሲ የመኪና አጥንት ነው። ዝገት በልቶት ከሆነ በሌላው ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ነው። የጋሼ መኪና ሻንሲ ደኅና ሆኖ ተገኘ።

2ኛ፦ ዋጋ ከሁለት ጋራዥ ይጠየቅ። አንዱ 60,000 ብር አለ። ሁለተኛው ለዚያው ሥራ 45,000 ብር አለ።

3ኛ፦ ሂሳብ ይሠራ። መኪናዋ ከነዳጅና ከሌላ ወጪ በኋላ በሳምንት 1,500 ብር ታስገባለች። 45,000 ለ1,500 ሲካፈል 30 ይሆናል። የጥገናው ገንዘብ በ30 ሳምንት ሥራ ይመለሳል ማለት ነው። ዓመት 52 ሳምንት ነው።

4ኛ፦ ገንዘቡ ባንድ ጊዜ ካልሞላ ከፍሬን ይጀመር። ሁሉም እስኪያልቅ መኪናዋ ትቁም።

ጋሼ መኪናዋን አቆሙ። ሦስት ሳምንት ድንቹ በአህያ ወረደ። ልጃቸው ገበያ አመለጠን ብሎ አጉረመረመ። እሳቸው ግን አልሰሙትም። ጥገናው ሲያልቅ ጋራዥ ሄደው ደረሰኙን መስመር በመስመር አነበቡ። መካኒኩንም፣ «የወጣውን አሮጌ ሸራ አሳየኝ» አሉት። አሳያቸው። አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ተመርምራ አለፈች።

ያ አሮጌ ሸራ ዛሬ በቤታቸው መስኮት ላይ ተቀምጧል። ልጃቸው ለመንዳት ሲወጣ ያየዋል።

ውድ አንባብያን! ሰው ወረቀት ሲያነብላችሁ አመስግኑት። ከዚያ ግን እስከ መጨረሻው መስመር ራሳችሁ አንብቡት።

ጥያቄ
1. ደላላው ያላነበበው መስመር የትኛው ነው? ለምን ይመስላችኋል?
2. ጥገናው 60,000 ብር ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ በስንት ሳምንት ይመለስ ነበር?
3. እናንተ በጋሼ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ተወያዩበት።