ቡናም «አንደር»፣ ተማሪም «አንደር»

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ደዶ አጎቴ ቤት ጥቂት ቀን ከርሜ ነበር። አንድ ማታ ጅማ ደርሶ የመጣ ቡና አቅራቢ ጎረቤት ወረቀት ይዞ ገባ። የቡናው ደረጃ «አንደር ግሬድ» ይላል። ቃሉን ሰውዬው ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ ምን ያህል እንደሚያከስረውም አስልቶ ጨርሷል። የጠየቀኝ ሌላ ነው።

«አንተ የተማርከው፣ እስቲ ንገረኝ። እናንተ አንደር ግራጁዌት ስትባሉ ድግስ ይደገሳል። የእኔ ቡና አንደር ግሬድ ሲባል ግን እከስራለሁ። ያው አንደር አይደለም እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ፣ ያ ሁሉ ዓመት ኢኮኖሚክስ በእንግሊዝኛ የተማርኩት ሰውዬ፣ ወዲያው መልስ አልነበረኝም። እርግጥ «አንደር» በሁለቱም ቦታ «በታች» ነው። ቡናው ከደረጃ በታች ነው፤ ተማሪውም ገና ዲግሪው ላይ አልደረሰም፣ ከዲግሪው በታች ነው። እኛ ግን «ቅድመ ምረቃ» ብለን ተረጎምነው። እንግሊዝኛው መሰላል ያያል፣ አማርኛው ካሌንደር። ይህን ማንም አስተማሪ ነግሮኝ አያውቅም፤ ያን ማታ ነው የገባኝ።

ጅማ ላይ የዚህ ነገር ዋናው ምሳሌ ግን ሌላ ነው። የጅማ ቡና በዓለም ገበያ በብዛት የሚታወቀው «አንዋሽድ» ተብሎ ነው። በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ምርት ገበያ ሲገባም ክፍፍሉ ይኸው ነበር፦ የታጠበ እና ያልታጠበ። ያልታጠበ ሲባል ቆሻሻ ይመስላል እኮ! ነገሩ ግን እሸቱ ሳይፈለፈል ከነገለባው ፀሐይ ላይ መድረቁ ብቻ ነው፤ አያቶቻችን የሚያውቁት ጀንፈል። አሁን አሁን የውጭ ቆዪዎች ያንኑ ቡና «ናቹራል» እያሉ በኩራት ይሸጡታል። «አን» የምትለዋን ሁለት ፊደል አነሱና ጉድለት የነበረው ነገር ሙያ ሆነ። እኛ ዛሬም «ያልታጠበ» እንላለን።

በአማርኛ ሰዋስው እነዚህን ከቃል ፊት የሚለጠፉ ነገሮች «ባዕድ መነሻ» እንላቸዋለን። እንግሊዝኛው ላይ ግን ያን ያህል ባዕድ አይደሉም። «አንኖውን»ን ውሰዱ፦ በአማርኛ ያልታወቀ፣ በአፋን ኦሮሞ ሂን ቤከምኔ። ሦስቱም ማፍረሻውን ከፊት ያስቀምጣሉ። የደዶ ልጅ አፍ ከፈታበት ቀን ጀምሮ «ሂን» እያለ ሲያፈርስ ያደገ ነው። ግዕዝም «ኢ» ሰጥቶናል፦ ኢ-ፍትሐዊ፣ ኢ-መደበኛ። (እዚህ ላይ «ኢ-ኮሜርስ» የሚለውን ያነበበ ሰው «ንግድ ያልሆነ» ብሎ ቢረዳ አልፈርድበትም።)

ችግሩ ማፍረሻዋ ሁልጊዜ አታፈርስም። አንዳንድ የነዳጅ ቦቴ ላይ የሚጻፈው «ኢንፍላመብል» የማይቀጣጠል ማለት አይደለም፤ ተቀጣጣይ ማለት ነው። «ኢን» እዚያ ላይ «ወደ ውስጥ» እንጂ «አይደለም» አይደለችም። ይቺን የሳተ ሰው ሲጋራውን ይዞ ይጠጋል።

በእኔ ሙያ ደግሞ «ዲፍሌሽን» እና «ዲስኢንፍሌሽን» አሉ። የመጀመሪያው ዋጋ ራሱ ሲወርድ ነው። ሁለተኛው ዋጋ እየጨመረ፣ ግን ጭማሪው ሲቀዘቅዝ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ የነበረው የዋጋ ንረት በ2016 መጨረሻ ከ20 በመቶ በታች ሲገባ ዜናው «ንረቱ ቀነሰ» አለ። ልክ ነው፤ ዲስኢንፍሌሽን ነው። እናቴ ግን ገበያ ደርሳ መጥታ «የት ነው የቀነሰው?» አለችኝ። እሷም ልክ ናት። ከዚያ በኋላ ማን ዜና ያምናል?

አሁን ወደ ትምህርት ቤት። ኦሮሚያ ውስጥ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል በቋንቋቸው ይማራሉ፤ 9ኛ ሲገቡ ፊዚክሱም ታሪኩም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ሁሉም በቋንቋ ምክንያት ነው አልልም፤ መጽሐፍ የለም፣ መምህሩም በደመወዙ ወሩን አይዘልቅም። ግን ከእነዚህ ሁሉ እንደ ቅጥያ ርካሽ ነገር የለም። «አን»፣ «ኢን»፣ «ዲስ»፣ «ሚስ»፣ «አንደር»፣ «ኦቨር»፣ «ሰብ»፣ «ፕሪ»፣ «ፖስት»፦ ዘጠኝ ናቸው። 7ኛ እና 8ኛ ክፍል ላይ ከ«ሂን» እና ከ«ያል» ጋር እያነጻጸሩ ማስተማር አዲስ መጽሐፍ አይጠይቅም። እኛ ግን ሙሉ ቃሉን ከነትርጉሙ በዝርዝር እናስሸመድዳለን። «ኖውን» አንድ ቃል፣ «አንኖውን» ሌላ ቃል። አንድ ኩንታል ቡና ፍሬ በፍሬ እንደመቁጠር ነው።

«ልጆቹ በግምት ይሳሳታሉ» የሚል መምህር አጋጥሞኛል። እውነቱን ነው፣ ይሳሳታሉ። በማግስቱ 8ኛ ክፍል ያለችውን የአጎቴን ልጅ አስቀምጬ «አን» የምትለዋን ሳስረዳ ቶሎ ገባት፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደብተሯን ሞላችው። ያልነገርኳትን «አንፌር» እና «አንሴፍ» ራሷ አወጣች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ትንሽ አሰበችና ጠየቀችኝ፦

«‹አንክል›ስ? ‹ክል› ያልሆነ ማለት ነው?»

አጎቴ ከደጅ ጀንፈሉን እያገላበጡ ነበር። «ምን አለችኝ?» አሉ።