ፖስታው ከመታሸጉ በፊት

የክልል መንግሥታት የግዢ ሥርዓታቸውን ሊያሻሽሉ ነው ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ፖስታ ወደሚከፈትበት ክፍል ነው። ሳጥኑ አራት ሰዓት ላይ ይታሸጋል፤ አራት ተኩል ላይ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል። ዋጋ ይነበባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ፌዴራል መንግሥቱ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ላይ እያዋለው ያለው የኤሌክትሮኒክ ግዢ ወደ ክልል ሲወርድም ከሁሉ በፊት የሚነካው ይህንኑ ክፍል ነው። ጥሩ ነገር ነው። የማይመለስ ብር ከፍሎ ሰነድ ለመውሰድ ከገንዳ ውኃ ባሕር ዳር ድረስ መጓዝ መቅረቱ ብቻውን ለትንሽ ነጋዴ ብዙ ነው።

እኔ የምኖርበት የካሊፎርኒያው ኦክላንድም ሆነ ጎረቤታችን ሳን ሆዜ ይህን ክፍል ካስተካከሉ ቆይተዋል። የጨረታ ሰነዱ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፣ የምክር ቤቱ ስብሰባ በቀጥታ ይተላለፋል፣ የፈለገ ነዋሪ ተራውን ጠብቆ ይናገራል። ይሁን እንጂ ሁለቱን ከተሞች ያናወጡት የግዢ ጣጣዎች ከፖስታ መክፈቻው ክፍል አልወጡም። ነገሩ የተበላሸው ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ወይም ፊርማው ከደረቀ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ሳን ሆዜ አዲሱን ማዘጋጃ ቤቷን እየገነባች ነበር። ለሕንጻው የስልክና የኮምፒውተር ኔትወርክ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ግዢ ተዘጋጀ፤ ሰነዱም ዕቃው የሲስኮ ኩባንያ እንዲሆን የሚመራ ነበር። የሲስኮ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ እዚያው ሳን ሆዜ ነው። ጉዳዩ ሲመረመር የኩባንያው ሰዎች በዝግጅቱ ላይ ከከተማዋ ሠራተኞች ጋር አብረው ሲሠሩ እንደነበር ታወቀ። ግዢው ተሰረዘ፤ እንደ አዲስ ተጀመረ።

ይህን ያነበበ የአገር ቤት ነጋዴ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የምርት ስም መጥቀስ ክልክል ቢሆንም የአንድ መኪና ብሮሹር ቁጥር በቁጥር ተገልብጦ ስፔሲፊኬሽን ሲባል ስንት ጊዜ አይቷል! የፈረስ ጉልበቱ፣ የጎማው ልክ፣ የነዳጅ ጋኑ ሊትር ሁሉም ከአንዱ አስመጪ ጋር ብቻ ይገጥማል። ሌሎቹ ሁለት ፕሮፎርማዎች ለአጀብ የመጡ ናቸው። እንዲህ ያለው ልብስ በልክ የተሰፋ ስለሆነ ፖስታው በኮምፒውተር ተከፈተ በመቀስ፣ የሚለብሰው ሰው አይለወጥም።

ሁለተኛው ታሪክ የቆሻሻ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስተምረው እሱ ነው። ሳን ሆዜ እ.ኤ.አ. በ2000 የቤት ቆሻሻና መልሶ ጥቅም ላይ የሚውል ዕቃ እንዲሰበስብላት ኖርካል የተባለ ኩባንያ መረጠች። ንዑስ ተቋራጩ ካሊፎርኒያ ዌስት ሶሉሽንስ የሚባል የኦክላንድ ድርጅት ነበር። በኋላ የንዑስ ተቋራጩ ሠራተኞች በቲምስተርስ የሠራተኛ ማኅበር እንዲታቀፉ ሲደረግ የደመወዝ ወጪው ናረ። ከንቲባ ሮን ጎንዛሌስ ልዩነቱን ከተማዋ እንደምትሸፍን አስቀድመው ነገሩን በጓዳ ጨርሰዋል ተባለ። ምክር ቤቱም በ2004 ተጨማሪ 11.25 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ። ከንቲባው በ2005 በገዛ ምክር ቤታቸው ተወገዙ፣ በ2006 ተከሰሱ፣ በ2007 ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረገው። በሕግ ዓይን ወንጀል አልሆነም። ግብር ከፋዩ ግን በጨረታ የሰማው ዋጋ ሌላ፣ የከፈለው ሌላ ነው።

ያ የኦክላንድ ድርጅት በቤቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ተመለሰ። የኦክላንድ ምክር ቤት የ10 ዓመትና የ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የቆሻሻ ውሉን፣ ባለሙያዎቹ ዌስት ማኔጅመንት ይሻላል እያሉት፣ ለካሊፎርኒያ ዌስት ሶሉሽንስ ሰጠ። ዌስት ማኔጅመንት ፍርድ ቤት ሄደ፣ ለሕዝበ ውሳኔ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ፤ በመጨረሻ ተስማሙና ቆሻሻው ለአንዱ፣ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው ለሌላው ተከፈለ። በ2015 አዲሱ ታሪፍ ሲወጣ የኦክላንድ ምግብ ቤቶች የምግብ ትርፍራፊ ለይቶ ማስወሰድ ደባልቆ ከመጣል በላይ እንደሚያስከፍላቸው አዩ። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የተደረደሩት የእኛው ምግብ ቤቶች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል፤ በቀን የሚተርፈውን እንጀራና ልጣጭ ያየ ይገምተው።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ሰኔ 2024 ላይ ኤፍቢአይ የኦክላንድ ከንቲባ የሼንግ ታውንና የካሊፎርኒያ ዌስት ሶሉሽንስ ባለቤቶችን ቤት ፈተሸ፤ ጥር 2025 ላይ፣ ታው በሕዝብ ድምፅ ከሥልጣን ከተነሱ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ክስ መሠረተ። ክሱ ከሚላቸው ነገሮች አንዱ ለምርጫ በተደረገ ድጋፍ ምትክ የድርጅቱን የከተማ ውል ለማራዘም ቃል ተገብቷል የሚል ነው። ተከሳሾቹ ጥፋተኛ አይደለንም ብለዋል፤ ፍርዱን ለፍርድ ቤት ልተው። እኔን የሚገርመኝ ግን የውዝግቡ ቦታ ነው። ተጠረጠረ የተባለው ጨረታው ሳይሆን ማራዘሚያው ነው። ማራዘሚያ ደግሞ ሳጥን የለውም፣ አራት ሰዓት ተኩል የለውም፣ ወኪል አይጠራበትም።

ስለዚህ ለክልሎቻችን የምመኘው ሁለት ገጽ ብቻ ነው። አንደኛው ረቂቅ ስፔሲፊኬሽኑ ጨረታው ከመውጣቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ማን እንዳዘጋጀው ከነስሙ የሚለጠፍበት ነው። ሁለተኛው ከፊርማ በኋላ የተደረገ እያንዳንዱ የዋጋ ጭማሪ፣ የጊዜ ማራዘሚያና የዕቃ ለውጥ ከነምክንያቱ የሚወጣበት ነው። የኤሌክትሮኒክ ግዢ ሲስተሙ የውል አስተዳደር ክፍል አለው የሚለኝ አይጠፋም፤ እኔ የምጠይቀው ያ ክፍል ለማን ይታያል ብዬ ነው። ለቢሮ ኃላፊው ብቻ የሚታይ ከሆነ መዝገብ ቤት ነው።

«ጨረታ ራሱ ሳይኖር ስለ ማራዘሚያ ታወራለህ?» የሚለኝንም እሰማለሁ። ልክ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የመንግሥቱ ድርጅት ሜቴክ 37 ቢሊዮን ብር ገደማ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል ሲል ሰምተናል። ያ በር መዘጋቱን ማንም አይጠላም። ግን በሩ ሲዘጋ ገንዘቡ መስኮት እንደሚፈልግ የሳን ሆዜ ሰዎች ቀድመው አይተውታል።

ሁለቱን ገጾች ማን ያነባቸዋል ለሚለው ጥያቄ እዚህ አንድ ጥሩ ነገር አለ። በካሊፎርኒያ እያንዳንዱ አውራጃ በየዓመቱ ተራ ነዋሪዎችን በሲቪል ግራንድ ጁሪነት ይሰይማል። ሳን ሆዜ የምትገኝበት የሳንታ ክላራ አውራጃ 19 ሰው አለው። ማሰር አይችሉም፣ ውል መሰረዝ አይችሉም፤ ሰነድ አይተው ዘገባ ይጽፋሉ፣ ምክር ቤቱ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ በጽሑፍ የመመለስ ግዴታ አለበት። የኖርካልን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2005 ዘርዝረው የጻፉት እነሱ ናቸው። ደሴ ወይም ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ዓመት አይፈጠርም። ነገር ግን ለመጀመሪያው ዓመት ሌላ ጁሪ አያስፈልግም፤ በጨረታው የተሸነፈው ነጋዴ አለ። አሸናፊው በሦስተኛው ወር ዋጋ እንዳስጨመረ ከስልኩ ላይ ማየት ከቻለ፣ አቤቱታውን የሚጽፍለት ሰው አያጣም።