«ስጦታው የለኝም» ከማለታችን በፊት አንድ ቅጠል እናንሣ

በመካከላችን ቶሎ ከአፍ ከሚወጡ አባባሎች አንዱ «እኔ ስጦታው የለኝም» የሚለው ነው። ስለ መዝሙር ይባላል፤ ስለ ማስተማር ይባላል፤ ስለ ሥዕል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ብሩሽ ውሃ ሳያስነኩ «የሥዕል እጅ የለኝም» ብለው ነገሩን የሚዘጉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ይህ አባባል ትሕትና ይምሰል እንጂ ብዙ ጊዜ ያለመሞከር መሸሸጊያ ነው እላለሁ። ለዚህም ትንሽ ምስክር አቀርባለሁ፦ ከዛፍ የረገፈች አንዲት ቅጠል።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ጥቅምት ሲገባ ሜፕሉ ይቀላል፣ ኦኩ ቡናማ ይሆናል። አገር ቤት መጸው ማለት ክረምቱ አልፎ መስኩ በአደይ አበባ የሚያጌጥበት ጊዜ ነው፤ እዚህ ደግሞ ያው ወራት ቅጠል የሚረግፍበት ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ቅጠሉን ጠርገን በከረጢት እንጨምረዋለን እንጂ ጎንበስ ብለን አናየውም።

አንድ ጀማሪ የረገፈ ቅጠል በውሃ ቀለም ሣል ቢባል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሥለው በሐሳቡ ያለውን ነው፤ ዳርና ዳሩ እኩል የሆነ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ። እውነተኛውን ቅጠል ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጠው ግን ሌላ ነገር ያያል። በደም ሥሮቹ አጠገብ የቀረ አረንጓዴ አለ። ነፍሳት የበሱት ቀዳዳ አለ። ዳሩ ተጠቅልሏል፤ አንዱ ጎን ከሌላው ይሰፋል። እንግዲህ የጎደለው የእጅ ስጦታ ሳይሆን ማየት ነበር።

ቀለሙም የራሱ ታሪክ አለው። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲመጣ ዛፉ አረንጓዴውን ክሎሮፊል ማፍረስ ይጀምራል። ያን ጊዜ በጋውን ሙሉ ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ይገለጣል። ቀዩ ግን በአብዛኛው ቅጠሉ በመጨረሻው ሰሞን አዲስ የሚሠራው ቀለም ነው። ሠዓሊውም ይህንኑ ቅደም ተከተል ቢከተል ይቀናዋል፦ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከላዩ ቀይ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም የውሃ ቀለም ወረቀት ያዙ፤ ቀጭኑ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። ቅጠሉን ብርሃን በአንድ ወገን በሚገባበት መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። በእርሳስ መጀመሪያ መካከለኛውን ደም ሥር፣ ቀጥሎ ቅርንጫፎቹን፣ በመጨረሻ ዳሩን በስሱ ንደፉ። በውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነውና ብርሃኑ ያረፈበትን ቦታ አትንኩት። በቀጭን ቢጫ ጀምሩ፤ ገና እርጥብ ሳለ ብርቱካናማውንና ቀዩን ጠብ አድርጉበትና ራሱ ይሰራጭ። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ግማሽ በደረቀ ቀለም ላይ ውሃ የበዛበት ብሩሽ ከነካችሁ፣ እንደ አበባ ጎመን የተዘረጋ እድፍ ይወጣል። ፍጹም ሲደርቅ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስስ ንብርብር ጨምሩ። ደም ሥሮቹን በጥቁር መስመር ከመሳብ በመካከላቸው ያለውን ማጥቆር ይሻላል። ለቡናማው ቀይና አረንጓዴ ደባልቁ። በመጨረሻ ጥላውን አኑሩ፤ ቅጠሉ ከወረቀቱ ብድግ ያለ የሚመስለው ያን ጊዜ ነው።

ከእነዚህ እርምጃዎች የትኛው ነው ልዩ ስጦታ የሚጠይቀው? ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ ማየት ይጠይቃሉ፤ አምስት ወረቀት ማበላሸትም ይጠይቃሉ። በችሎታ እኩል ነን ማለቴ አይደለም። ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1503 ተራ ሣር ከነአፈሩ በውሃ ቀለም ሣለ፤ ሥዕሉ ዛሬም ቪየና በአልበርቲና ሙዚየም አለ። ስኮትላንዳዊው ሮሪ ማኬዊን (1932–1982) በዕድሜው መጨረሻ ገደማ የደረቁና የተበሉ ቅጠሎችን አንድ በአንድ በብራና ላይ በውሃ ቀለም ይሥል ነበር። እነርሱ የደረሱበት ሁላችንም አንደርስም። ነገር ግን ሁለቱም የጀመሩት ሌላው ሰው ረግጦ የሚያልፈውን ነገር በማክበር ነው፤ ይህ ደግሞ ለማንም አልተከለከለም።

ስጦታ የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ቅዱስ የወሰድነው ከሆነ፣ የባስልኤልን ታሪክ እስከ መጨረሻው እናንብበው። በዘጸአት ምዕራፍ 35 ይህ ባለሙያ ጥበብን ብቻ ሳይሆን ሌሎችን ማስተማርንም እንደ ተቀበለ ተጽፏል። የሚያስተምር ካለ የሚማር አለ ማለት ነው። ስጦታና ልምምድ ጠላቶች አይደሉም።

«ይህ ሁሉ ለአንድ የደረቀ ቅጠል? ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። በሁለት ፈረቃ የሚሠራ፣ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ጊዜው ውድ እንደ ሆነ አልክድም። ነገር ግን ስንቱን ሰዓት ስልካችን ላይ እንደምናፈስስ ሁላችን እናውቃለን። አንዲትን ቅጠል ለአንድ ሰዓት በጸጥታ ማየት የለመደ ሰው፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ወንድሙንም ሳይቸኩል ማየት ይለምዳል ብዬ አምናለሁ። ቸኩሎ ማየት ቅጠሉንም ሰውንም በሐሳባችን ባለው ሥዕል ይተካዋልና።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከልጆቻችሁ ጋር ስትወጡ አንድ ቅጠል አንሡ። ቆንጆውን አትምረጡ፤ የተበሳውንና የጠቆረውን ምረጡ፤ የሚታይ ነገር የሚበዛበት እርሱ ነው። የመጀመሪያው ሥዕል ባያምር አትጣሉት፤ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡት። አምስተኛውን ስትሥሉ አጠገቡ አድርጋችሁ እዩትና፣ ስጦታው አለኝ ወይስ የለኝም የሚለውን ያን ጊዜ ፍረዱ።